የላቴክስ ጓንትና አለርጂ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ማብራሪያ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከእኛ የእጅ ጓንት የምትገዙ ክሊኒኮች፣ ላቦራቶሪዎችና የጥርስ ሕክምና ማዕከላት «ፓውደር የሌለው የላቴክስ ጓንት አለርጂ ላለበት ሠራተኛችን ይሆናል ወይ?» ብላችሁ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁናል። መልሳችን አይሆንም የሚል ነው፤ ምክንያቱን ማስረዳትም ግዴታችን ነው።

የተፈጥሮ ላቴክስ ሄቪያ ብራዚሊየንሲስ የተባለው የጎማ ዛፍ ቅርፊት ሲበጣ የሚወጣ ነጭ ፈሳሽ ሲሆን፣ ከጎማው ጋር የዛፉንም ፕሮቲኖች ይዞ ይወጣል። አለርጂ የሚያስነሱት ፕሮቲኖች ሄቭ ቢ 1፣ ሄቭ ቢ 2 እየተባሉ በቁጥር ተሰይመዋል። የጤና ባለሙያዎችን በብዛት የሚያስቸግሩት ሄቭ ቢ 5 እና ሄቭ ቢ 6 ናቸው፤ ከስፓይና ቢፊዳ (የአከርካሪ አጥንት በሚገባ ሳይገጥም የመወለድ ችግር) ጋር ተወልደው ቀዶ ሕክምና በተደጋገመባቸው ልጆች ላይ ግን ከጎማው ቅንጣት ጋር ተጣብቀው የሚገኙት ሄቭ ቢ 1 እና ሄቭ ቢ 3 ጎልተው ይታያሉ።

ፓውደሩ የበቆሎ ስታርች ነው። ችግሩ ፕሮቲኑን ተሸክሞ ጓንቱ ሲወልቅ አየር ላይ መብነኑ ነው፤ በዚህም የተነሳ ጓንቱን ነክቶ የማያውቅ ሰው እንኳ በትንፋሹ ሊስበው ይችላል። አሜሪካ ፓውደር ያለውን የሕክምና ጓንት ከጥር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያገደችው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ፓውደሩን ማስቀረት፣ ጓንቱን በፋብሪካ ደጋግሞ ማጠብና በክሎሪን ማከም ፕሮቲኑን ይቀንሱታል እንጂ አያጠፉትም፤ አለርጂው ላለበት ሰው ደግሞ ጥቂቱም ይበቃል።

እጅን የሚያሳክክ ሁሉ ግን የፕሮቲን አለርጂ አይደለም። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ የሚወጣ ሽፍታ አብዛኛውን ጊዜ ጎማውን ለማጠንከር የሚጨመሩት እንደ ታይራም ያሉ ኬሚካሎች ውጤት ሲሆን፣ እነዚህም በአንዳንድ የናይትራይል (የሰው ሠራሽ ጎማ) ጓንቶች ውስጥ ስለሚገኙ ጓንት መቀየር ብቻውን ላይፈታው ይችላል። በደቂቃዎች ውስጥ የቆዳ ማበጥ፣ ማስነጠስ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ግን ለሕይወት የሚያሰጋ ስለሆነ ያለ ማመንታት ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል። ሙዝ፣ አቮካዶ ወይም ኪዊ ሲበሉ አፋቸውን የሚያሳክካቸው ሰዎችም በፍሬዎቹ ውስጥ ተመሳሳይ ፕሮቲኖች ስላሉ ይህንኑ ለሐኪማቸው ቢናገሩ መልካም ነው።

ስለዚህ አለርጂው የተረጋገጠበት ሠራተኛ ወይም ታካሚ ካላችሁ፣ የላቴክስ ፕሮቲን የሌለበትን የናይትራይል ጓንት ለእሱ ብቻ ሳይሆን አብረውት በአንድ ክፍል ለሚሠሩት ሁሉ እንድታዝዙ አጥብቀን እንመክራለን። ካቴተር (ወደ ሰውነት የሚገባ ቀጭን ቱቦ) እና የደም ሥር ማሰሪያ ጎማም ከላቴክስ ሊሠሩ ስለሚችሉ፣ ከእኛ የወሰዳችሁትን ዕቃ ዝርዝር ብትልኩልን የትኛው ላቴክስ እንዳለበት ለይተን በጽሑፍ እናሳውቃችኋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የሽያጭና የደንበኞች አገልግሎት ክፍል