ፋኖስ የያዙት አራት ሰዎች

ሐዋሳ፣ ሐምሌ

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ክረምቱ ገብቷል፤ ጠዋት ሲወጡ ያን ወፍራም ጋቢ ይደርቡ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሐዋሳም ዝናቡ በርትቷል።

ባለፈው እሑድ በስልክ "ለመሆኑ ምን አይታችሁ መጣችሁ?" አሉኝ። እኔ ስጮህ፣ እርስዎ "እ? እ?" ሲሉ ካርዱ አለቀ። ከዚያ በኋላ ጆሮዎን ከማደክም ብዬ ወረቀት አነሳሁ። መነጽርዎን ያድርጉና እማማ ቡናውን እስክታፈላ ቀስ ብለው ያንብቡት።

እንደሚያውቁት የባለቤቴ እህት ጋብዛን ነው ሄልሲንኪ የሄድነው። የፊንላንድ ዋና ከተማ ናት። ባሕሩ ከተማዋ ውስጥ ገብቶ ይወጣል፤ በትራም እየሄዱ ድንገት ከሕንፃዎቹ መሃል መርከብ ብቅ ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው የአማችዎን እጅ ጭምቅ አድርጌ ያዝኩት።

ከሁሉ በፊት የገረመን ብርሃኑ ነው። በበጋ የእነሱ ሰዓትና የእኛ ሰዓት አንድ ነው። እርስዎ ጸሎትዎን አድርሰው በሚተኙበት ሰዓት እዚያ ልጆች ውጭ ኳስ ይጫወታሉ። ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ገደማ ደግሞ ተመልሳ ትወጣለች። አማችዎ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሎ ነው የተኛው። በታኅሣሥ ግን የቀኑ ብርሃን ስድስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። የባለቤቴ እህት ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ተለወጠ። ስምንት ክረምት ብቻዋን አሳልፋለች። እባክዎ በጸሎትዎ አይርሷት።

ያኔ የነበርንበት ሳምንት የእነሱ የዮሐንስ በዓል ነበር። አዎ፣ መጥምቁ ዮሐንስ! የእኛ ዮሐንስ መስከረም ላይ ነው፤ የእነሱ ሰኔ ላይ። በዋዜማው ሴውራሳሪ ወደምትባል ደሴት ወሰዱን። ባሕሩ ዳር እንጨት ከምረው እሳት ለኮሱበት። ቁርጥ ደመራ! ችቦ የያዘ የለም፣ የሚያሸበሽብ የለም፣ ሰው ዝም ብሎ ቆሞ ያያል። እኔ ግን በሆዴ "እዮሃ አበባዬ" እያልኩ ነበር።

ዓሣ ተራውን ባላነሳ አማችዎ ይቀየመኛል። ወደቡ አጠገብ ገበያ አለ። ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ ከድንችና ከወተት ጋር ሾርባ ያደርጉታል፤ ላዩ ላይ እንስላል የመሰለ ቅጠል ይነሰነስበታል። ጥሩ ነው፣ ልብ ያሞቃል። ግን እዚህ ሐዋሳ አሞራ ገደል ሲመጡ የጠጡትን የዓሣ ሾርባ አያህልም፤ ሚጥሚጣ የለውማ። እዚያም ወፍ አለ። የእኛዎቹ አባ ኮዳዎች ቆመው እስኪጣልላቸው ይጠብቃሉ። የእነሱ ነጫጭ የባሕር ወፎች ግን ከሰው እጅ መንጭቀው ይበራሉ። አንድ ሕፃን አይስክሬሙን ሲነጠቅ አይተን አዘንን።

አባባ፣ ስታዲየሙንም አየሁልዎ። የ1997ቱን ክረምት ያስታውሳሉ? የሄልሲንኪው የዓለም ሻምፒዮና። ግቢው በጎረቤት ሞልቶ፣ ቴሌቪዥኑ መስኮቱ ላይ ወጥቶ። በ5 ሺህ ሜትሩ ጥሩነሽ፣ መሠረት፣ እጅጋየሁ፣ መሰለች ተከታትለው ሲገቡ፣ ከአንደኛ እስከ አራተኛ የእኛው! እርስዎ "የበቆጂ ልጅ! ጎረቤታችን!" እያሉ ወንበሩ ላይ ወጡ። ጥሩነሽ 10 ሺውንም አሸንፋ ነበር፤ ሁለቱን በአንድ ሻምፒዮና ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ስታዲየሙ 72 ሜትር የሚያልፍ ረጅም ነጭ ማማ አለው። በር ላይ የራሳቸው ሯጭ የፓቮ ኑርሚ ሐውልት ቆሟል፤ ዘጠኝ የኦሎምፒክ ወርቅ ያለው ሰው ነው። መሮጫውን ሳይ በጆሮዬ የመጣው የእርስዎ ጩኸት ነው። አለቀስኩ። አማችዎ ምን ሆንሽ አለኝ፤ ሰው ሁሉ ከወንበር ላይ የሚያወርደው አባት የለውም አልኩት።

ቤተ ክርስቲያኑን ደግሞ እርስዎ ሊያዩት ይገባ ነበር። ከተማው መሃል አንድ ትልቅ አለት አለ። አለቱን ቦርቡረው ውስጡን ቤተ ክርስቲያን አደረጉት። ሁለት ወንድማማቾች ናቸው ንድፉን ያወጡት፤ በፈረንጅ 1969 ተመረቀ። የሉተራን ነው፣ የእኛ ሥርዓት አይደለም። ጣሪያው እንደ ትልቅ የመዳብ ሰፌድ ነው። በጣሪያውና በአለቱ መሃል ዙሪያውን መስታወት አለ፤ ብርሃኑ ከዚያ ይወርዳል። ግድግዳውን አላለሰለሱትም። እጄን ሳስደግፍ አለቱ ቀዝቃዛና ሻካራ ነው። ላሊበላ ደርሰው የመጡ ጊዜ "ድንጋዩ እጅ ያውቃል" ያሉን ትዝ አለኝ። ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል የባለቤቴ እህት "እዚህ አይወለቅም" አለችኝ። እኔ ግን አውልቄ ገባሁ። ማንም ምንም አላለኝም።

አሁን ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝን ልንገርዎ።

በመጨረሻው ቀን ባቡር ጣቢያው ሄድን። አርክቴክቱ ኤልየል ሳሪነን የሚባል ነው፤ ሕንፃው ያለቀው በፈረንጅ 1919 ነው። በዋናው በር ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ሆነው ከድንጋይ የተጠረቡ አራት ግዙፍ ሰዎች ቆመዋል። ፊታቸው ኮስተር ያለ ነው። እያንዳንዳቸው በሁለት እጃቸው ክብ መብራት ይዘዋል። ሲመሽ ይበራል አሉን። መንገደኛው ሻንጣውን እየጎተተ በእግራቸው ሥር ያልፋል፣ ቀና ብሎ የሚያያቸው ጥቂት ነው።

እኔ ከእግራቸው ሥር መሄድ አቃተኝ። የናዝሬት ባቡር ጣቢያ ታየኝ። የዚያ ጊዜ ፋኖስዎ፣ አንድ ጎኑ ቀይ፣ አንድ ጎኑ አረንጓዴ መስታወት። ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ሲዘገይ እስኪነጋ ይጠብቁታል። ጠዋት ሲገቡ ካፖርትዎ ላምባ ላምባ ይሸታል። እኛ ገና ከእንቅልፋችን መነሳታችን ነው። ጎንበስ ብለው ግንባራችንን ይስሙንና ይተኛሉ። እማማ "ዝም በሉ፣ አባታችሁ አልተኛም" ትለናለች።

ከዚያ በላይ አላውቅም፣ አባባ። ይህ ነው የከበደኝ። ያን ያህል ዓመት ሌሊቱን ከፋኖሱ ጋር እንዴት እንደሚያሳልፉት አንድ ቀን ጠይቄዎት አላውቅም። ብርዱ፣ ጅቡ፣ ብቸኝነቱ። ባቡሩ ከሩቅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማው ምኑ ነው? ሐዲዱ ይንቀጠቀጣል? እጅዎ ሲደክም ፋኖሱን የት ነው የሚያስቀምጡት? በዚያ በር ላይ የቆሙት ሰዎች ስም የላቸውም፤ የእኔው ግን ስም አለው፣ ጥያቄዬንም መመለስ ይችላል።

ፎቷቸውን ትልቅ አድርጌ አሳጥቤዋለሁ። ከፍልሰታ በፊት ባለው ቅዳሜ ናዝሬት እንመጣለን። ለእማማ ነጠላ አለ፤ ለእርስዎ ሱፍ ካልሲ፣ ቁርጭምጭሚትዎን እንዲያሞቅ። ከዚህ ደግሞ የይርጋጨፌ ቡና እይዛለሁ። ፊንላንዶች ቡና በመጠጣት ከዓለም ግንባር ቀደም ናቸው፤ ግን እንደ እኛ ዕጣን አጭሰው፣ ሦስቴ ጠጥተው፣ ተጫውተው አይደለም። እኛ ከአቦሉ እስከ በረካው ድረስ እንቀመጣለን። ያ ጊዜ ይበቃናል። አጠገብዎ እቀመጣለሁ፣ በደህናው ጆሮዎ በኩል። ከመጀመሪያዋ ሌሊት ይጀምሩልኝ።

እማማን ሳሙልኝ።

ልጅዎ