ሦስት ጊዜ መድኃኒት ከመለወጥ አንድ ጊዜ ካልቸር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጋዜጣችሁ ስለ እናቶች ጤና ከሚያወጣቸው ጽሑፎች ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ደም ማነስና በወሊድ ጊዜ ስለሚያጋጥም የደም መፍሰስ ብዙ ተምሬአለሁ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ግን ነፍሰ ጡሮችን በብዛት ከሚያጠቁት የባክቴሪያ ሕመሞች አንዱ ሆኖ ሳለ እምብዛም ሲነሣ አላየሁም። ምናልባት የሽንት ነገር በአደባባይ ስለማይወራ ይሆናል፤ ወይም ብዙዎቻችን «ብርድ ነው» ብለን ስለምናልፈው። እኔ ባለፈው ዓመት በነበረኝ እርግዝና ይህ ሕመም ሦስት ጊዜ ተመላልሶብኝ በመጨረሻው ሆስፒታል አስተኝቶኛል። ያየሁትን ለአንባቢያን ለማካፈልና የእርጉዝ ሴቶችን ክትትል ለሚመሩ ባለሙያዎችና ኃላፊዎች ካልቸር ስለሚባለው፣ በሽንት ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ በላብራቶሪ አብቅሎ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት ስለሚለየው ምርመራ አንድ ጥያቄ ለማቅረብ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ጥቅምት ላይ፣ አራት ወር ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረው፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ያጣድፈኝ ጀመር፤ ሲወጣ ያቃጥላል፣ ከወጣም በኋላ ያላለቀ ይመስላል። እርግዝና ሽንት እንደሚያበዛ ሁሉም ስለሚናገር ለሁለት ሳምንት ያህል ዝም አልኩ። እናቴም የቤታችን ወለል ሲሚንቶ ስለሆነ ነው ብላ፣ ካልሲ አድርጊ፣ ወገብሽን ሸፍኚ ትለኝ ነበር። በክትትል ቀኔ ለአዋላጅ ነርሷ ስነግራት ሽንት እንድሰጥ አዘዘችኝ። ውጤቱ ሽንት ውስጥ በሚነከር ስቲክም በማይክሮስኮፕም ታይቶ ኢንፌክሽን እንዳለብኝ ተነገረኝና የሰባት ቀን አሞክሳሲሊን ታዘዘልኝ። በሦስተኛው ቀን ማቃጠሉ ተወኝ። ማቅለሽለሹም ስላስቸገረኝ በአምስተኛው ቀን መድኃኒቱን አቆምኩት፤ የተረፉትን እንክብሎች በመሳቢያ ውስጥ «ለሌላ ጊዜ» አስቀመጥኳቸው። ይህን መጻፌ ሌላውን ብቻ ወቅሼ ራሴን ነጻ እንዳላወጣ ነው።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ያው ስሜት ተመለሰ። ጤና ጣቢያ ለመሄድ ግማሽ ቀን ከሥራ መቅረት ስለ ነበረብኝ፣ ትምህርት ቤታችን አጠገብ ወዳለ ፋርማሲ ገባሁ። እርግዝናዬ በቀሚሴ ላይ በግልጽ እየታየ፣ ማዘዣም ሳልጠየቅ፣ በመጀመሪያ የቀረበልኝ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ነበር። «እርጉዝ ነኝ እኮ» ስለው ባለሙያው ይቅርታ ጠይቆ ወደ መደርደሪያው መለሰውና አጉመንቲን የተባለ ሌላ አንቲባዮቲክ አወጣልኝ። አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ መሸጥ በሕግ የተከለከለ መሆኑን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ሁለታችንም ቸኩለን ነበር። በዚህኛው ጊዜ አንዲት ኪኒን ሳላስተርፍ ጨረስኩ። ማቃጠሉም ጠፋ። ነገር ግን ባክቴሪያው በእርግጥ ከሽንቴ መጥፋቱን ለማወቅ ድጋሚ መመርመር እንዳለብኝ የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

የገና ዋዜማ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለሁ፣ ቢላዋ መያዝ እስኪያቅተኝ ድረስ ያንቀጠቅጠኝ ጀመር። ሁለት ብርድ ልብስና የባለቤቴ ጋቢ ተደራርበውብኝ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ቀኝ ጎኔን ከጎድን አጥንቴ በታች ሲነኩኝ እጮኻለሁ። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ትኩሳቴ 39.4 ነበር። ተረኛዋ ሐኪም በእጇ ጀርባዬን በቀስታ መታ መታ አድርጋ፣ ስዘል አይታ፣ «ኩላሊቷ ጋ ደርሷል» አለች። ነርሷ መርፌውን አዘጋጅታ ስትመጣ ግን ሐኪሟ አስቆመቻት፤ «ከመርፌው በፊት ሽንቷ ለካልቸር ይወሰድ» አለች። ያችን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም፤ ከጥቅምት ጀምሮ ሳትባል የቆየችው እሷ ነበረችና።

ሽንት አሰጣጡ ራሱ ትምህርት ነበር። ከዚያ በፊት ዕቃ ተሰጥቶኝ «እዚያ ሞልተሽ አምጪ» ከመባል በቀር ማንም ምንም አስረድቶኝ አያውቅም። በዚያች ሌሊት ነርሷ ደግፋኝ ሄዳ፣ በመጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ከፊት ወደ ኋላ እንድታጠብ፣ የመጀመሪያውን ሽንት እንዳፈስስ፣ መካከለኛውን ብቻ የዕቃውን ውስጥ ሳልነካ እንድቀበል፣ የመጨረሻውንም እንድተወው ነገረችኝ። አለበለዚያ የሚበቅለው የቆዳ ባክቴሪያ ሆኖ ውጤቱ ያሳስታል። ናሙናውም በሁለት ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ካልደረሰ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ በሙቀት ከቆየ ባክቴሪያው በዕቃው ውስጥ ስለሚራባ ቁጥሩ የውሸት ይሆናል።

ሴፍትሪአክሶን የተባለ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ተጀመረልኝ፣ ጉሉኮስም ተሰቀለልኝ። የገናን ዕለት ውዬ፣ ማግስቱንም ውዬ፣ ትኩሳቱ ሌሊት ሌሊት እየተመለሰ ያልበኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ውጤቱ መጣ። ሐኪሟ ወረቀቱን አልጋዬ ላይ ዘርግታ አሳየችኝ፦ ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ100,000 በላይ። ከሥሩ የመድኃኒቶች ስም ተደርድሯል፤ በየስሙ ትይዩ «አር» ወይም «ኤስ» የሚል ፊደል አለ። «አር» ማለት ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዶታል፣ «ኤስ» ማለት መድኃኒቱ ይሠራል ማለት ነው። አሞክሳሲሊን «አር»፣ አጉመንቲን «አር»፣ ኮትሪሞክሳዞል «አር»፣ ክንዴ ላይ በዚያች ደቂቃ ይንጠባጠብ የነበረው ሴፍትሪአክሶንም «አር»። ከታች ሦስት «ኤስ» ብቻ ነበሩ። ተማሪዎቼ ፈተና ወድቀው ወረቀት ሲቀበሉ ምን እንደሚሰማቸው ያኔ ገባኝ።

ከሦስቱ አንዱ ናይትሮፉራንቶይን ነበር፤ በርካሽ የሚገኝ የታወቀ ኪኒን ነው። ለምን እሱ እንደማይሰጠኝ ስጠይቅ፣ መድኃኒቱ በሽንት ውስጥ ስለሚከማች ለፊኛ ኢንፌክሽን እንደሚሠራ፣ ኩላሊት ሥጋ ውስጥ ግን በበቂ መጠን ስለማይገባ ለእኔ ጊዜው ማለፉን አስረዳችኝ። ኅዳር ላይ ካልቸር ተደርጎልኝ ቢሆን ኖሮ ያ ኪኒን ይበቃኝ ነበር ብዬ የማስበው ከዚህ ተነሥቼ ነው። ባለቤቴ ከቀሩት «ኤስ» አንዱ የሆነውን ሜሮፔነም የሚባል መርፌ ፍለጋ በበዓል ሰሞን ማዘዣውን ይዞ አምስት ፋርማሲ ዞረ። በዚያ ሳምንት ለመርፌው ብቻ የከፈልነው ከወር ደመወዜ ይበልጣል። መርፌው ከተጀመረ በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ። በጎኔ ካለው አልጋ የተኛችው እናት በተመሳሳይ ሕመም ገብታ ምጧ ቀድሞ መጥቶባት፣ የሰባት ወር ልጇን በማሞቂያ ክፍል ለማየት በየሦስት ሰዓቱ ግድግዳ ይዛ ትሄድ ነበር።

ይህ ሕመም በእርግዝና ጊዜ ለምን እንደሚበረታ ካነበብኩትና ከተነገረኝ በአጭሩ ላስቀምጥ። በእርግዝና የሚጨምረው ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ከኩላሊት ወደ ፊኛ ሽንት የሚያወርዱትን ቱቦዎች ያላላቸዋል፤ እያደገ የሚሄደው ማሕፀንም ይጫናቸዋል፣ ይበልጡን በቀኝ በኩል። ስለዚህ ሽንቱ ቆም ይላል፣ በሌላ ጊዜ ፊኛ ላይ የሚቀረው ባክቴሪያም ወደ ላይ መንገድ ያገኛል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ምንም ሳያቃጥል፣ ምንም ሳያጣድፍ በሽንት ውስጥ የሚቀመጠው ባክቴሪያ ነው። ከመቶ ነፍሰ ጡሮች ከሁለት እስከ ዐሥር በሚሆኑት ላይ እንደሚገኝ፣ ካልታከመም ከአራቱ የአንዷን ያህል ኩላሊት ሊደርስ እንደሚችል ይገመታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ እንዲህ ያለው ድምፅ አልባ ባክቴሪያ የሰባት ቀን ሕክምና እንዲሰጠው፣ ለማወቅም ካልቸር እንዲደረግ፣ ካልቸር በሌለበት ደግሞ ከስቲክ ይልቅ ባክቴሪያው በቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት የግራም ምርመራ እንዲቀድም መክሯል።

የእርጉዝ ሴት የመድኃኒት ምርጫ ደግሞ ጠባብ ነው። ዶክሲሳይክሊን የልጁን ጥርስና አጥንት ስለሚነካ አይሰጣትም፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን በአብዛኛው ይወገዳል፤ ኮትሪሞክሳዞል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትና በመውለጃው ሰሞን አይመከርም፤ ናይትሮፉራንቶይንም ወሊድ ሲቃረብ ይቋረጣል። በዚህ ጠባብ ደጃፍ ላይ ቆመን የቀሩትን ጥቂት መድኃኒቶች በግምት እያፈራረቅን ለባክቴሪያው ስናለማምዳቸው፣ ቀጥሎ የሚጠብቀን ውድና በመርፌ የሚሰጠው ብቻ ነው።

ሁሉም «ውሃ ጠጪ፣ ሽንትሽን አትያዢ» ይላል። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን በትምህርት ቤታችን የመምህራን መጸዳጃ አንድ ነው፤ ቁልፉ ዘበኛው ዘንድ ነው፣ ውሃውም በፈረቃ ስለሚመጣ በሳምንት ሦስት ቀን አይኖርም። በተከታታይ አራት ክፍለ ጊዜ ያላት ነፍሰ ጡር 50 ተማሪዎችን ትታ ቁልፍ ፍለጋ ግቢውን አቋርጣ አትሄድም። እኔ የማደርገው ጠዋት ውሃ አለመጠጣት ነበር፤ ሻይ እንኳ እስከ ምሳ አልቀምስም። ታክሲ ተሰልፈው የሚውሉ፣ ጉሊት የሚቸረችሩ፣ በግንባታ ቦታ አሸዋ የሚያመላልሱ እርጉዞች ከእኔ የባሰ ቀን እንደሚያሳልፉ አውቃለሁ። ጎረቤቶቼ በየፊናቸው የመከሩኝን ፌጦና ጤና አዳም በተመለከተ፣ ሐኪሟ ስሙን ስትሰማ ብቻ ፊቷ ስለ ተለወጠ አልሞከርኩትም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ካልቸር ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጃል፣ የታመመችን እርጉዝ ያን ያህል ማስጠበቅ አይቻልም የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ፤ ትክክልም ነው። እኔ የምለው ሕክምናው ይዘግይ አይደለም፤ የመጀመሪያዋ ኪኒን ከመዋጧ በፊት ናሙናው ይወሰድ፣ መድኃኒቱም በዚያው ቀን ይጀመር፣ ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ በስልክም ቢሆን ታካሚዋ ትጠራ ነው። ለእያንዳንዷ እርጉዝ ማድረጉ ለጊዜው ከአቅም በላይ ከሆነ፣ ቢያንስ ሕመሙ ለሁለተኛ ጊዜ ለተመለሰባት ግዴታ ይሁን። ጤና ጣቢያዎች ካልቸር የሚያበቅሉበት ላብራቶሪ የላቸውም የሚለውም እውነት ነው። ነገር ግን የአክታና የኤች አይ ቪ የደም ናሙና ከጤና ጣቢያ ወደ ላብራቶሪ በሚመላለስበት አገር፣ በማቀዝቀዣ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ የሚችል አንድ ብልቃጥ ሽንት በዚያው የናሙና ሣጥን የማይሄድበት ምክንያት አይታየኝም።

መድኃኒቱ ካለቀ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ድጋሚ ምርመራ የሚደረግበት ቀን በክትትል ካርዱ ላይ ቢጻፍም ብዙ ይረዳል። የቲታነስ ክትባት ቀጠሮ ተጽፎልኝ አንድም ቀን አላሳለፍኩም፤ የሽንቱም ተጽፎልኝ ቢሆን አላሳልፍም ነበር። ለፋርማሲ ባለሙያዎች ደግሞ፣ ሆዷ የገፋ ሴት ማዘዣ ሳትይዝ አንቲባዮቲክ ስትጠይቃችሁ ብትመልሷት ትቆጣ ይሆናል፤ እኔም እቆጣ ነበር። ቢሆንም መልሷት።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ሕመሙ እንዳይመለስ በየማታው አንዲት ናይትሮፉራንቶይን ከእራት ጋር እስከ 36ኛው ሳምንት እንድወስድ ታዘዘልኝ፤ በየወሩም ሽንቴ ለካልቸር ይሄድ ነበር። ሁለቱም ጊዜ ንጹሕ ሆኖ መጣ። ልጄ መጋቢት መጨረሻ ላይ በጊዜዋ፣ በ3.1 ኪሎ ተወለደች። ያቺን የታኅሣሥ ወረቀት ግን አልጣልኳትም። ወደፊት የሚያክመኝ ሐኪም ከየትኛው «ኤስ» እንደሚጀምር እንዲያይባት ከልጄ የክትባት ካርድ ጋር አጥፌ ይዤአታለሁ። በመሳቢያ ውስጥ የቆዩትን የጥቅምት እንክብሎችም ለጤና ጣቢያው ፋርማሲ እንዲያስወግዳቸው አስረክቤአለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት መምህርት፣ ከአዲስ አበባ