የራጁን ፊልም ላኪልኝ

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ትልቋ የፊት ጥርሷ ወልቆ ለአያቴ አሳዩልኝ እያለች ታደርቀናለች። ትንሹ መሄድ ጀምሮ ቤቱን አተራምሶታል። የደሴ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ከሰሉ ደህና ሳይቀላ ወደ ቤት እንዳታስገቢው፣ በሩንም ገርበብ አድርጊው።

ባለፈው ምን እንደምሠራ ስትጠይቂኝ "ኮከብ" ብዬ አለፍኩሽ። ትልቅ ኮከብ ነዳጁ ሲያልቅ እምብርቱ በራሱ ክብደት ወደ ውስጥ ይደረመሳል። አንዳንዱ ኒውትሮን ኮከብ ይሆናል፤ ከፀሐይ የሚበልጥ ክብደት ይዞ ከዳር እስከ ዳር ቢለካ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያስኬደውን መንገድ ቢያህል ነው። በጣም ከባዱ ደግሞ ብላክ ሆል ይሆናል፣ ብርሃን እንኳ አያመልጠውም። እሱ ራሱ አይታይም። ግን ከጎኑ ካለው ኮከብ ጋዝ ሲስብ፣ ጋዙ እየተሽከረከረ በሚሊዮን የሚቆጠር ዲግሪ ይግልና ራጅ ይለቃል፣ ያው ሐኪም ቤት ያለው ዓይነት ጨረር። ከሰማይ የሚመጣውን አየሩ ስለሚያስቀረው መሣሪያው ወደ ጠፈር መውጣት አለበት። ለዚህ ብቻ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኡሁሩ የተወነጨፈችው እዚሁ ጎረቤት፣ ከኬንያ የባሕር ጠረፍ ነው፣ በነፃነታቸው በዓል ቀን፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1970። ሲግነስ ኤክስ-1 የሚባለው የሰማይ ራጅ ምንጭ ጨረሩ በቅጽበት ሲለዋወጥ ያየችው እሷ ናት። ዛሬ ክብደቱ 21 ፀሐይ ገደማ የሚያህል ብላክ ሆል መሆኑ ታውቋል።

አንቺም ራጅ ተነሥተሽ ነበር አሉ። ከአንቺ አይደለም የሰማሁት። እህቴን ስጠይቃት "ደህና ናት፣ ደህና ናት" ብላ ወሬ ቀየረችብኝ። እማዬ፣ እንጀራዬ እኮ የማይታየውን ከዙሪያው ማወቅ ነው!

አባዬ ሲሞት ፈተና ላይ ናት ብላችሁ ሰደቃው ካለፈ በኋላ ነው መርዶ የነገራችሁኝ። የዚያን ፈተና ውጤት ዛሬ ማን ያስታውሰዋል? እኔ የማስታውሰው በዚያው ሳምንት ስደውል "መስጊድ ሄዷል" ያልሽኝን ነው። ለእኔ አስበሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ስላሳደግሽኝም አላህ ይስጥሽ፣ ግን ያቺ ነገር እስካሁን አልወጣችልኝም።

ሳሉ ቀለል አለሽ? ደም አለው? ያሰብኩትን ነገር ግን አልጽፈውም። ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፋችሁ በደንብ አንሱትና በቴሌግራም ላኩልኝ፣ ሐኪሙ የጻፈውንም ወረቀት ጨምሩ። ጠዋት ብር ልኬያለሁ። ለሕክምና ነው፣ በግ እንዳትገዢበት።