ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ፦ መጠን ከመጨመሩ በፊት ደም ይለካ

ለክቡራን የመምሪያው ኃላፊዎች፣

በዞናችን ለአእምሮ ሕሙማን መድኃኒት የማድል ፋርማሲስት ነኝ። ስኪዞፍሬንያ ያለበት ሰው መድኃኒቱ አልሠራለትም ተብሎ መጠኑ ከመጨመሩ በፊት፣ በደሙ ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን የሚለካበት አሠራር እንዲዘረጋልን እጠይቃለሁ።

ሕመሙ ሲያገረሽ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ታማሚው ነው። «ክኒኑን አቋርጦ ነው» ይባላል፤ ሲያስታምሙ የከረሙ እናትም አብረው ይወቀሳሉ። ጥርጣሬው ብዙ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ሳያስታጉል የሚውጥ ሰውም በደሙ ውስጥ በቂ መድኃኒት ላይኖረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለውን መድኃኒት ሰባሪ ኢንዛይም የሚያመነጨው ዘረመል ተጨማሪ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል፤ ተጨማሪ ቅጂ ያለው ሰው መድኃኒቱን ቶሎ ሊሰባብረው ይችላል። በየጤና ተቋሙ ለስኪዞፍሬንያ የምናድለው ሃሎፔሪዶልም በከፊል የሚሰባበረው በዚሁ ኢንዛይም ነው። ለሚጥል በሽታ የሚታዘዘው ካርባማዜፒንም በደም ውስጥ ያለውን የሃሎፔሪዶል መጠን በእጅጉ ያወርዳል፤ ሲጋራ ማጨስ ደግሞ ሌሎች መድኃኒቶች ላልረዷቸው የሚሰጠውን የክሎዛፒንን።

ሳይለካ መጠን ሲጨመር መንቀጥቀጥና የጡንቻ መገተር ሊከተል ይችላል፤ ያን ጊዜ ታማሚው በእርግጥም መድኃኒቱን ሊጥለው ይችላል። ለሃሎፔሪዶል በደም ውስጥ የሚመከረው መጠን ከ1 እስከ 10 ናኖግራም በሚሊሊትር ሲሆን፣ በዚህ ክልል ውስጥ ሆኖ በቂ ጊዜ ወስዶ ያልተሻለው ሰው፣ ሌላ መድኃኒትም ተሞክሮለት ካልረዳው፣ በአንድ ዓይነት ክኒን ዓመታት ከሚገፋ ወደ ክሎዛፒን መሸጋገር ይገባዋል። ክሎዛፒን የነጭ የደም ሕዋስ ክትትል የግድ ይላል፤ ውጤቱም ባብዛኛው የሚጠበቀው በደም ውስጥ ከ350 ናኖግራም በሚሊሊትር በላይ ሲደርስ ነው።

መለኪያ መሣሪያ በየሆስፒታሉ ይተከል አልልም። መጠኑ ሳይቀየር ቢያንስ አንድ ሳምንት ከቆየ በኋላ፣ ከማታው መድኃኒት 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ የጠዋቱ ሳይወሰድ የተቀዳ ደም፣ የኤችአይቪ ቫይረስ መጠን ናሙና ከመሐል ሜዳም ከሸዋ ሮቢትም በሚላክበት መንገድ ሊላክ ይችላል። የሚቀረው መምሪያው መለካት ከሚችል ላቦራቶሪ ጋር እንዲዋዋልና ወጪው በቤተሰብ ላይ እንዳይወድቅ ማድረጉ ነው።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ውጤቱ የቅርብ ቀናቱን ብቻ ስለሚያሳይ፣ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ሰንብቶ የመጣን ሰው ለመክሰሻ እንዳይውል። ዝቅ ብሎ ከተገኘ ባለሙያው ምክንያቱን ከታማሚው ጋር ተቀምጦ ይፈልግ፤ ይህም በምትልኩት መመሪያ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር