ወደ ለንደን ለምትጓዙ አባሎቻችን

ሰላም ወንድሞችና እህቶች፣

ይህ መልእክት ወደ ክለባችን አርሰናል ሜዳ፣ ኤምሬትስ ስታዲየም ለምትሄዱት ነው። ከሂትሮው አየር ማረፊያ ታክሲ አትያዙ፣ ገንዘባችሁን ይጨርሰዋል። በፒካዲሊ መስመር የምድር ባቡር ሳትቀይሩ አርሰናል ጣቢያ ትወርዳላችሁ። ጣቢያው እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጊሌስፒ ሮድ ይባል ነበር። ስሙ የተቀየረው ለክለባችን ነው፤ እዚያ ስትወርዱ ልባችሁ ይሞቃል። ሜዳው ከዚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው።

ስትመለሱ ግን እዚያው ጣቢያ አትጋፉ። 60 ሺህ ያህል ሰው ባንዴ ነው የሚወጣው። ቀስ ብላችሁ እስከ ፊንስበሪ ፓርክ ጣቢያ ተራመዱ።

ሰዓት እንዳያሳስታችሁ። ትኬቱ 15:00 ካለ በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ማለት ነው፣ ያውም በለንደን ሰዓት። ትልቅ ቦርሳ በር ላይ አያስገቡም። መንገድ ላይ ከሚያዞር ሰው ትኬት በፍጹም አትግዙ። እዚያ አገር ያለፈቃድ የኳስ ትኬት መሸጥ ወንጀል ነው፣ ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ በር ላይ መመለስም አለ። አንድ አባላችን ደርሶበት እንባው መጥቶ ነበር።

ቅዳሜ 10 ሰዓት አዲስ አበባ ስታዲየም በር ላይ እንገናኝ። ትኬታችሁን ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ ኑ፣ አንድ በአንድ አብረን እናያለን።