ጉዳዩ፦ «አልተገኙም» ስለተባልኩበት የፋሮ ኤርፖርት አቀባበል የቀረበ ቅሬታ

ፍራንክፈርት፣ ጁላይ 24 ቀን 2025

ለጉዞ ወኪል ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ይህ አራተኛ ደብዳቤዬ ነው። ለመጀመሪያው «ደርሶናል» አላችሁኝ፣ ለሁለተኛው «ኃላፊው ፈቃድ ላይ ናቸው» ተባልኩ፣ ለሦስተኛው ባለፈው ሰኞ መልስ ላካችሁ። በመሃል ስድስት ጊዜ ደውያለሁ፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ ከሥራ ወጥቼ ቢሮአችሁ ድረስ መጥቻለሁ። ከጁን 7 ጀምሮ ለ7 ሌሊት ወደ ፖርቱጋሏ ላጎስ ከተማ በእናንተ በኩል ያደረግኩት ጉዞ ዝርዝር ፋይላችሁ ውስጥ ስላለ እዚህ አልደግመውም። ዛሬ እንድጽፍ ያደረገችኝ በሰኞው መልሳችሁ ውስጥ ያለች አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፦

«ደንበኛዋ በቀጠሮው ሰዓት በቦታው ስላልተገኙ ለኤርፖርት ማመላለሻ የተከፈለው ገንዘብ ተመላሽ አይሆንም።»

ይህን ከሥራ ስመለስ ባቡር ውስጥ በስልኬ አነበብኩት። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ካነበብኩት በኋላ መውረጃዬ አለፈኝ። እኔ ነኝ ያልተገኘሁት? ጁን 7 ሌሊት ፋሮ ኤርፖርት ከአንድ ሰዓት በላይ የቆምኩት ማን ሆኜ ነው?

እስቲ ከስልኩ ልጀምር። ሜይ 14 ቀን ሠራተኛችሁ የምደርስበትን ሰዓት ለማረጋገጥ ደወለልኝ። ምሳ ዕረፍት ላይ ነበርኩ። «ማታ 5 ሰዓት ከ25 ነው የምደርሰው» አልኩት፤ በአማርኛ ስናወራ ሁላችንም በምንቆጥረው አቆጣጠር። እሱም «ማታ አምስት ተኩል፣ ያዝኩት። ሹፌሩ ስምዎን በወረቀት ጽፎ በር ላይ ይጠብቅዎታል፤ ምንም አያስቡ» አለኝ። ያኔ «እርስዎ» ነበርኩ፤ ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ቫውቸሩ (የአገልግሎት ማረጋገጫ ወረቀቱ) ሲደርሰኝ «የኤርፖርት ማመላለሻ፦ ተካቷል» ከማለት በቀር ሰዓት አልነበረበትም። አልጠረጠርኩም። ቲኬቱን የቆረጣችሁልኝ እናንተው ናችሁ፤ ፋሮ የሚያርፍበት ሰዓት 23፡25 ተብሎ ተጽፎበታል።

ዳግመኛ እንዳንሳሳት ከዚህ በታች ሰዓቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

አውሮፕላኑ በሰዓቱ አረፈ። ሻንጣዬን ይዤ 23፡50 ላይ ወጣሁ። በሩ ላይ ስም የያዙ ሰባት ስምንት ሹፌሮች ነበሩ። እያንዳንዱን ወረቀት አነበብኩ። የኛን ስም ፈረንጅ አጣሞ ስለሚጽፈው ተመልሼ ፊደል በፊደል አነበብኩት። የኔ የለም። ሹፌሮቹ አንድ በአንድ እንግዶቻቸውን እየያዙ ሄዱ፤ አዳራሹ ባዶ ቀረ። ወለል የምትወለውል ሴት መጥታ እግሬ ሥር ስትደርስ ቆም አለች፣ ሻንጣዬን በእጇ አንስታ ከሥሩ ወለወለችና መልሳ በቦታው አስቀመጠችው። በፖርቱጋልኛ አንድ ነገር አለችኝ፤ አልገባኝም፣ ግን እንዳዘነችልኝ ከፊቷ አየሁ።

00፡10 ላይ «24 ሰዓት ክፍት» ወደምትሉት የአደጋ ጊዜ ስልካችሁ ደወልኩ። ፖርቱጋል ከጀርመን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች እናንተ ጋ 01፡10 ነበር፤ አውቃለሁ። የአደጋ ጊዜ ስልክ የሚያስፈልገው ግን እንዲህ ባለው ሰዓት ነው። በስድስተኛው ሙከራ ያው ሠራተኛ አነሳው። ያለኝን እንዳለ አሰፍረዋለሁ፦

«እህት፣ ሰዓቱን አይተሻል?»

ሹፌር እንዳልመጣ ነገርኩት።

«አሁን ምን ላድርግልሽ? ታክሲ ያዢ።»

ከፋሮ ሆቴሌ እስካለበት ላጎስ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሆነ፣ በዚህ ሌሊት ከማላውቀው ሰው ጋር ብቻዬን ለመሄድ እንደፈራሁ ነገርኩት።

«ታዲያ ብቻሽን ምን ልትሠሪ ሄድሽ?»

ስልኩም ተዘጋ።

ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣ እኔ የ52 ዓመት ሴት ነኝ። ልጁ ከኔ ታናሽ ልጅ ቢበልጥ በሁለት ዓመት ነው። ገንዘቤን ሲቀበል «እርስዎ» ያለኝ ሰው በችግሬ ሰዓት «አንቺ» አለኝ። ይህም ይሁን፣ እንቅልፍ ላይ ነበር ብዬ ልለፈው። ያን ጥያቄ ግን ማለፍ አልቻልኩም። በዚህ አገር 19 ዓመት የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሠርቻለሁ። ሌሊት ሌሊት የሰው እናት ሳገላብጥ፣ የሰው አባት ሳጥብ፣ ልጆቼንም ሳሳድግ ኖሬያለሁ። ወደ አዲስ አበባ የሄድኩት ለለቅሶና ለሠርግ ነው። ለራሴ ብዬ ሻንጣ ስይዝ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። ብቻዬን ምን ልሠራ እንደሄድኩ ለእናንተ ሠራተኛ ማስረዳት አለብኝ? ባሕር ዳር ልቀመጥ ነው የሄድኩት። ቀን ሙሉ ማንም ሳይጠራኝ ልውል ነው የሄድኩት። ይህንኑ አገልግሎት የሸጠልኝ እሱ ራሱ ነው፤ ብቻዬን በመሆኔም የነጠላ ክፍል ጭማሪ ብሎ በቀን 35 ዩሮ፣ ለ7 ሌሊት 245 ዩሮ ያስከፈለኝ እሱ ነው።

በመጨረሻ 01፡00 ሲሆን ታክሲ ያዝኩ። ሹፌሩ ሽማግሌ ሰው ነበሩ። የሌሊት ታሪፍ ከፍ እንደሚል ገና ሳልገባ ቆጣሪውን እያሳዩ አስረዱኝ። ላጎስ ስንደርስም የሆቴሉ በር እስኪከፈትልኝ መብራታቸውን አብርተው ቆሙ። 128 ዩሮ ከፈልኩ። ደረሰኙን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ለሦስተኛ ጊዜ።

አሁን ወደ «አልተገኙም» ልመለስ። በነጋታው የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ልጅ ሁኔታዬን ሰምታ በራሷ ፈቃድ ለማመላለሻ ድርጅቱ ደወለችልኝ። ያገኘችው ምዝገባ እንዲህ ይላል፦ ጁን 7፣ 1 ተጓዥ፣ 17፡30። ሹፌሩ በ17፡30 መጥቶ ስሜን ይዞ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ሄዷል። ስሜ ፋሮ ላይ በሰው እጅ ተይዞ ሲቆም እኔ ፍራንክፈርት የቤቴን በር እየቆለፍኩ ነበር። በሐበሻ ሰዓት የነገርኩትን ልጁ «ማታ አምስት ተኩል» ብሎ ይዞ እንዳለ 5፡30 ብሎ ጻፈው፤ ፈረንጁም 17፡30 አድርጎ ተረዳው። ነገሩ ይኸው ነው። ስሕተት ነው፣ ሰው ይሳሳታል። በዚያው ቀን «ተሳስተናል፣ ይቅርታ» ብትሉኝ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። እናንተ ግን ስሕተታችሁን አንስታችሁ በእኔ ስም አስመዘገባችሁት። «የመጀመሪያውን ጉዞ ስላልተጠቀሙ የመመለሻውም በራሱ ተሰርዟል» ተባልኩና ስመለስም ሻንጣዬን እየጎተትኩ ከላጎስ በባቡር ወደ ፋሮ መጣሁ። ሁለቱም ጉዞ ሳይሰጠኝ የደርሶ መልስ 120 ዩሮ ከፍያለሁ ማለት ነው።

ያቺው እንግዳ ተቀባይ ቀዩን የቅሬታ መዝገብ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። በፖርቱጋል ማንኛውም ሆቴልና ሱቅ ይህን መዝገብ የመያዝ፣ ሲጠየቅም የማቅረብ የሕግ ግዴታ አለበት። «ከፈለጉ ይጻፉ» አለችኝ። ጥፋቱ የእነሱ ስላልሆነ አልጻፍኩበትም። የማላውቃት ልጅ ቅሬታዬን ራሷ አውጥታ ስትቀበለኝ የአገሬ ልጆች በአማርኛ የጻፍኩትን ደብዳቤ ለሳምንታት ማንበብ ከበዳችሁ።

ከዚህ በፊት በዝምታ ያለፍኳቸው ሌሎች ነገሮችም ነበሩ። ዝም ማለቴ እንደ መስማማት ስለተቆጠረብኝ አሁን እጽፋቸዋለሁ።

ጁን 9 ሰኞ የሰኔ ጾም ይገባ ነበር። ግማሽ ቦርድ (ክፍል ከቁርስና ከእራት ጋር) ስትሸጡልኝ «ጾመኛ ነኝ፣ ለሆቴሉ ንገሩልኝ» ብያችሁ «ነግረናል» ብላችኋል። ሆቴሉ የሰማው ነገር የለም። ሰኞ እራት ላይ የቀረበልኝ ዓሣ፣ አይብና እንቁላል ነበር። የወጥ ቤቷ እናት በምልክት ተረድተውኝ ከማግስቱ ጀምሮ ቲማቲም፣ የወይራ ፍሬ፣ ዳቦ፣ ለውዝና ደረቅ በለስ ይሰጡኝ ጀመር። እግዚአብሔር ይስጣቸው። እናንተ ግን ጾም ምን እንደሆነ አናውቅም ልትሉ አትችሉም።

የባሪያ ገበያውን ሙዚየም ጉብኝት ደግሞ የያዛችሁልኝ በዚያው ሰኞ ነው። ሙዚየሙ ሰኞ ዝግ ነው። ሄጄ የተዘጋ በር ፊት ቆምኩ። ይህ ለኔ ተራ ጉብኝት አልነበረም። በ1444 ከአፍሪካ ምዕራብ ጠረፍ የመጡ 235 ሰዎች ከመርከብ ወርደው የተከፋፈሉት በዚያች ከተማ ነው፤ እናት ከልጇ፣ ወንድም ከወንድሙ ተነጥሎ። ላጎስን ስመርጥ ያንን ቦታ በእግሬ ሄጄ ላየው ብዬ ነበር። ረቡዕ ዕለት ራሴ ከፍዬ ገባሁ። የጉብኝቱን 18 ዩሮ አልመለሳችሁልኝም።

ወደ ፖንታ ዳ ፒዬዳድ ዋሻዎች የሚወስደው ጀልባም 35 ዩሮ ተከፍሎበት ጠዋት ወደቡ ላይ ስደርስ «ምዝገባው ቢያንስ ለ2 ሰው ነው፣ አንቺ አንድ ነሽ» ተባልኩ። አንድ መሆኔን እናንተ ታውቁ ነበር፤ 245 ዩሮ ያስከፈላችሁኝ በዚሁ ምክንያት ነው። ትንሽ ራመድ ብዬ በወንዙ ዳር ካሉት ትንንሽ ጀልባዎች በአንዱ በ25 ዩሮ ሄድኩ። ጀልባዋ በቋጥኙ ቀዳዳ ሾልካ ስትገባ ብርሃኑ ከውኃው ሥር ወደ ላይ የሚወጣ ይመስል ነበር፤ እጄን ዘርግቼ ግድግዳውን ነካሁት። ወደ ካሚሎ ባሕር ዳርቻ የሚወርደውን 200 ገደማ የእንጨት ደረጃም በዚህ በሚያመኝ ጉልበቴ ሦስት ቀን ወርጄ ወጥቻለሁ። ይህን የምጽፈው ጉዞው ከንቱ ነበር እንዳትሉኝ ነው። ከተማዋ ያማረች፣ ሰዎቿም ደጎች ናቸው። የጎደለው እናንተ ቃል የገባችሁት ነው።

«ባሕር የሚያይ» የተባለው ክፍል የልብስ ማጠቢያውን ጓሮ ያይ ነበር፤ ፎቶውን ጁን 8 ቀን በዋትስአፕ ልኬላችኋለሁ። አንብባችሁታል፤ መልስ ግን የለም።

ሕግ መጥቀስ አልፈልግም ነበር። ቢሆንም የሸማቾች ምክር ማዕከል ሄጄ ተረድቻለሁ። በጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 651 ሥር የጥቅል ጉዞ ሻጭ የሚጠየቅባቸው ነገሮች ተዘርዝረዋል። 651 ኤክስ በምዝገባ ስሕተት ለደረሰ ጉዳት ስላለ ኃላፊነት ነው፤ 651 ኪው ደግሞ ችግር ላይ የወደቀ ተጓዥን ሳይዘገዩ መርዳትን ያዛል። «ታክሲ ያዢ» ብሎ ስልክ መዝጋት እርዳታ አይደለም። ጥያቄዬም ጉዞው ካለቀበት ቀን ጀምሮ ለሁለት ዓመት አይታገድም፤ ስለዚህ ጊዜ ብትገፉ የምተወው እንዳይመስላችሁ።

የምጠይቀው የማመላለሻው 120 ዩሮ፣ የታክሲው 128 ዩሮ፣ የሙዚየሙ 18 እና የጀልባው 35 ዩሮ እንዲመለስልኝ፣ ባሕር ለማያይ ክፍል ከተከፈለው 245 ዩሮ የነጠላ ክፍል ጭማሪም ግማሹ እንዲሰጠኝ ነው። ከሁሉ በፊት ግን «አልተገኙም» የሚለው ቃል ከፋይሌ ተሰርዞ የምዝገባው ሰዓት በእናንተ ስሕተት መመዝገቡ በጽሑፍ ይገለጽልኝ። ገንዘቡ ቢዘገይ እታገሣለሁ፤ ይህን ግን አልታገሥም። ሠራተኛችሁም ለተናገረኝ ቃል ራሱ ደውሎ ይቅርታ ይጠይቀኝ። ከሥራው ይባረር አላልኩም፤ የሰው ልጅ ነው፣ እንጀራውን መንካት አልፈልግም።

እስከ ኦገስት 11 ድረስ መልስ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የጁን 7ቷ የላጎስ ተጓዥ

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከመላኬ በፊት፣ ዛሬ 19፡40 ላይ፣ ከእናንተ የጽሑፍ መልእክት ደረሰኝ። «ውድ ደንበኛችን፣ ከባለቤትዎ ጋር ለሁለት ሲጓዙ 10 በመቶ ቅናሽ» ይላል። ባለቤቴ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ምዝገባ ስሞላ «የቤተሰብ ሁኔታ» በሚለው ቦታ ላይ ጽፌላችኋለሁ። ስለዚህ ከላይ ግማሹን ብቻ ያልኩትን ጭማሪ አሁን ሙሉውን 245 ዩሮ እጠይቃለሁ፤ ድምሩ 546 ዩሮ ነው። ስልክ ቁጥሬም ከማስታወቂያ ዝርዝራችሁ ዛሬውኑ ይውጣ።