የስሜን ጉዟችን አጥሯል

ሰላም ቤተሰብ፣

ከደባርቅ ተነስቶ ራስ ዳሸን ደርሶ መመለስ ሳምንት እና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ያን ያህል ፈቃድ የሚያገኝ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ስለዚህ መንገዱን ቆርጠነዋል።

ደባርቅ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ክፍያ ጨርሰን፣ ጥበቃና መንገድ መሪ ይዘን፣ በመኪና ሳንቃበር የተባለው የድንኳን ሰፈር እንገባለን። የእግር ጉዞው የሚጀምረው ከዚያ ነው። በማግስቱ በጅንባር ፏፏቴ በኩል አልፈን ግጭ በሚባለው ሰፈር እናድራለን። ከግጭ እስከ ጨነቅ ሰፈር ያለውን ቀን ግን ማንም እንዳይነካብኝ! ረጅም ነው፣ ያደክማል። ግን 3,926 ሜትር ላይ እሜት ጎጎ የሚባለው ጫፍ አለ። በሦስት በኩል ገደል ነው፤ ጫፉ ላይ ስትቆሙ ቆላው ከእግራችሁ ሥር ይዘረጋል። ጨነቅ ላይ ዋልያ የማየት ዕድል አለን። ጭላዳዎቹማ ሣሩን በጣታቸው እየነጩ ዞር ብለው እንኳ አያዩንም። መኪናው እዚያው ይጠብቀናል።

«ስሜን ሄዶ ራስ ዳሸንን ሳይወጡ?» ያላችሁ አላችሁ። ከጨነቅ የቧሒትን ተራራ ተሻግሮ፣ መሸሃ ወንዝ ድረስ ወርዶ፣ እንደገና እስከ 4,550 ሜትር መውጣት ነው። ስትመለሱ ደግሞ ያንኑ ቁልቁለት ዳገት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጉልበት የተረፈው አንድ ቀን ጨምሮ ቧሒትን ይውጣ፤ እሱም ከ4,400 ሜትር በላይ ነው።

ቀኑን ከመስቀል በኋላ አስበነዋል፤ ዝናቡ ያባራል፣ ሣሩም ገና አረንጓዴ ነው። የመንገዱን ጸጥታ ከደባርቅ ሰዎች ሳናጣራ ግን ብር አንሰበስብም።

ሌሊቱ ይቆረጥማል። ወፍራም የመኝታ ከረጢት የሌለው ካሁኑ ይናገር። የምትሄዱ እስከ እሑድ አሳውቁን፤ በቅሎ የምንከራየው በሰው ቁጥር ነው።